ቀድሞ ያየውን ሰው ማባረር

በየዓመቱ ያው ነው። የኦዲት ሪፖርት ይወጣል። ይህን ያህል ሚሊዮን ያለአግባብ ተከፈለ፣ ይህን ያህል ዕቃ ተገዝቶ መጋዘን ውስጥ ተቆለፈበት፣ በሁለት ዓመት ያልቃል የተባለው ሕንፃ አምስተኛ ዓመቱን ያዘ ይባላል። ኃላፊዎቹ ምክር ቤት ይጠራሉ። «የአሠራር ክፍተት ነበረ፣ እያስተካከልን ነው» ብለው ይወጣሉ። እኛም ሁለት ቀን ስልካችን ላይ ስንራገም እንከርምና በሦስተኛው ቀን ሌላ ወሬ ይመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሪፖርቱ መዘግየቱ ብቻ አይደለም። ኦዲተሩ ዘንድሮ ያገኘውን ነገር ያን ጊዜውኑ የሚያውቅ ሰው እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበረ። ሁሌም አለ። ዕቃውን የተረከበው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ያውቃል። ላልሄደበት መንገድ የነዳጅ ኩፖን ላይ ፈርም የተባለው ሾፌር ያውቃል። ለአንድ ሥራ ሁለቴ ሲከፈል ሰነዱን ያዘጋጀችው የሂሳብ ሠራተኛ ታውቃለች። ሲሚንቶው መቀነሱን ከማንም በፊት የሚያውቀው አሸዋና ጠጠሩን ያቦካው የቀን ሠራተኛ ነው፣ መሐንዲሱ እንኳን ከእሱ በኋላ ነው የሚሰማው።

ታዲያ ለምን ዝም ይላሉ? ፈርተው ነዋ። ኮንትራታቸው በየዓመቱ ነው የሚታደሰው፣ ቤት ኪራይ አለባቸው፣ ልጅ አላቸው። ለዚህ ነው የሠራተኛ መብትና የሕዝብ ገንዘብ ቁጥጥር እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ሲወሩ የማይገባኝ። አንዱን ሠራተኛ ማኅበር ይዞት፣ ሌላውን ኦዲተር ይዞት፣ ሁለቱም ለየብቻ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ለእኔ አንድ ጉዳይ ናቸው። የፈራ ሠራተኛ ባለበት ቤት ኦዲተሩ ቢሮጥም አይደርስም።

ይሄ የኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር በየሁለት ዓመቱ ጥናት ያወጣል። የ2024ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከ138 አገሮችና ግዛቶች የተሰበሰቡ 1,921 የማጭበርበር ጉዳዮችን ያየ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 43 በመቶው የታወቀው በጥቆማ ነው። ከጠቋሚዎቹ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የዚያው መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። የውጭ ኦዲተር ያገኘው 3 በመቶ ብቻ ነው! እርግጥ የውጭ ኦዲት በዋናነት የሚሠራው ሂሳቡ በትክክል ተመዝግቧል ወይ የሚለውን ለማየት ስለሆነ ሌባ አልያዘም ብሎ መውቀስ አይገባም። ጥናቱም የሚያወራው ስለ ማጭበርበር ነው፤ ሕጋዊ ሆኖ የሚባክነውን ገንዘብ አይነካም። ያም ሆኖ ዓይን ያለው የት እንደሆነ ያሳያል።

ሕጋዊው ብክነት ደግሞ ይብሳል። በደረሰኝ ነው የሚሠራው። ጨረታ ወጥቷል፣ ኮሚቴ ፈርሟል፣ ሁሉም ወረቀት ሙሉ ነው፣ ዕቃው ግን ለማንም አይጠቅምም።

አንድ ጊዜ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ነበር፣ ስሙ ይቅር። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ኮሪደሩ በካርቶን ተሞላ። በጎን ዞረን ነበር የምናልፈው። ካርቶኖቹ ውስጥ የነበረው የፕሪንተር ቀለም ነው። የግምጃ ቤቱ ሰው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረታቸው የተቃረበ ሰው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አንዱን ካርቶን ገልብጠው ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ የማሽኖቹን ዝርዝር አወጡ። እንደገና ቁጥሩን አነበቡ። «ይሄ ለየትኛው ማሽን ነው?» አሉ። ለየትኛውም አልነበረም። ያ ዓይነት ፕሪንተር ቢሯችን ውስጥ ከቀረ ቆይቷል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይረከቡ፤ ሌላው እኛን ነው የሚመለከተው» ተባሉ።

እሳቸውም ተረከቡ። ግን ከፊርማቸው ጎን በዚያች ደቃቅ ጽሑፋቸው «ዕቃው በመሥሪያ ቤቱ ካሉት ማሽኖች ጋር አይገጥምም» ብለው ጻፉበት። ደረሰኙን ቀይረው ይጻፉ ቢባሉ እምቢ አሉ። ብዙም ሳይቆይ «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸውና መዝገብ ቤት ተዛወሩ። በቦታቸው የመጣው ልጅ የስድስት ወር ኮንትራት ነበረው። የስድስት ወር ኮንትራት ያለው ልጅ ከፊርማው ጎን ምን ሊጽፍ ይችላል?

በዚያው ሰሞን የጽዳት ሠራተኞቹ ደመወዝ ዘግይቶባቸው ነበር። በኤጀንሲ የተቀጠሩ ናቸው። ቢሯችን ሄደው ሲጠይቁ «እናንተ የኤጀንሲው ናችሁ» ይባላሉ፣ ኤጀንሲው ጋ ሲሄዱ «መንግሥት አልከፈለንም፣ በጀት ተዘግቷል» ይባላሉ። ጠዋት ጠዋት እነዚያን ካርቶኖች እየገፉ ወለሉን የሚያጸዱት እነሱ ናቸው።

ይሄ የአንድ መሥሪያ ቤት ክፋት ቢሆን ምን ነበረበት። ነገሩ የበጀት ሕጉ ራሱ የሚያመጣው ነው። ያልተጠቀምክበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ባለፈው አልጨረስክም» ተብሎ ይቀነስብሃል። ስለዚህ የቆጠበ ይቀጣል። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ግዢ ላይ ተሠርቶ በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ጊዜ የሳምንት አማካይ 5 እጥፍ ያህል ነው። በዚያች ሳምንት የተገዙት የኮምፒውተርና የመረጃ ሥርዓት ፕሮጀክቶች ጥራትም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ሀብታም አገርም ሆነ ድሃ አገር፣ መጨረሻ ሳምንት ላይ ሁሉም ገበያ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አፉን የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት በደንብ የተመዘገበ አንድ ታሪክ አለ። ኧርነስት ፊትዝጄራልድ ይባላል፣ የአሜሪካ አየር ኃይል ሲቪል ሠራተኛ ነበር፤ ሥራው ወጪን መመርመር ነው። በ1968 የኮንግረስ ኮሚቴ ጠራውና ሲ-5ኤ ስለተባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ጠየቀው። ወጪው ከታቀደው በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊያልፍ እንደሚችል ተናገረ። በቃ፣ የተጠየቀውን መለሰ። ሌላ ያደረገው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙ። ትንሽ ቀደም ብሎ የቋሚነት መብት አግኝተሃል ተብሎ ነበር፤ ከምስክርነቱ በኋላ ግን «የኮምፒውተር ስህተት ነው» ተባለና ተነጠቀ። ከትላልቅ የጦር መሣሪያ ፕሮጀክቶች ላይ አነሱትና ታይላንድ ያለ የወታደሮች ቦውሊንግ መጫወቻ ወጪ እንዲመረምር አደረጉት። (ይሄን እኔ ብፈጥረው ኖሮ አጋነንክ ትሉኝ ነበር።) ቀጥሎ የሥራ መደቡ ታጠፈ። ምክንያቱ ምን ቢባል ጥሩ ነው? ወጪ ቅነሳ! የ2 ቢሊዮን ዶላር ብክነት ያሳየ ሰው የራሱን ደመወዝ ለመቆጠብ ተባረረ።

የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን በ1973 ወደ ሥራው እንዲመለስ ወሰነለት። ከቀድሞው ጋር የሚመጣጠን ሥራ ለማግኘት ግን እስከ 1982 ድረስ መሟገት ነበረበት። በዚያው ዓመት፣ ሲባረር ፕሬዚዳንት የነበረውን ኒክሰንን በከሰሰበት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ለሠራው ሥራ የጉዳት ካሳ ሊጠየቅ አይችልም ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሰው የሥራ ክርክር ሆኖ ጀምሮ የአገሪቱን መሪ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ዘንድ ደረሰ። እኔ ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ያ ዕድሜ ነው። ሰውየው ሐቅ በተናገረበት ቀን የተወለደ ልጅ፣ እሱ ሥራው ላይ ሲመለስ ጎረምሳ ሆኗል። ስንቱ ነው ይህን ያህል የሚታገሠው? ስንቱስ ነው ጠበቃ የሚከፍለው?

ደግነቱ አንዳንድ ቦታ የተሻለ ነገር ተሞክሯል። እዚያው አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ነጋዴዎች ለሠራዊቱ የማይተኩስ ጠመንጃና የታመመ በቅሎ ሲሸጡ በ1863 አንድ ሕግ ወጣ። መንግሥት መታለሉን የሚያውቅ ማንም ሰው በመንግሥት ስም መክሰስ ይችላል፤ ገንዘቡ ከተመለሰ ድርሻ አለው። በ1986 ሲሻሻል ድርሻው እንደየጉዳዩ ከ15 እስከ 30 በመቶ ሆነ፣ በመጠቆሙ የተባረረ ሠራተኛም ወደ ሥራው እንዲመለስና ያመለጠው ደመወዝ እጥፍ ሆኖ እንዲከፈለው ተደነገገ። ሰው ለገንዘብ ሲል ይጠቁማል ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። ይጠቁም እንጂ! የሰረቀውስ ለምን ብሎ ነው የሰረቀው?

ሌላው ትልቁ ቀዳዳ ሥራን በኮንትራት መስጠት ነው። መንግሥት መንገድ ሲያሠራ፣ ሆስፒታል ሲያስገነባ፣ ጽዳትና ጥበቃ ሲያወጣ፣ ሠራተኛው ከመንግሥት አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት እርከን ይርቃል። ዋና ተቋራጭ፣ ንዑስ ተቋራጭ፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው ሰብሳቢ። ገንዘቡ ከላይ ሲፈስ እያንዳንዱ እጁን ያረጥባል፤ ታች ያለው ጋ ሲደርስ ጠብታ ነው።

ካሪሊየን የተባለው የእንግሊዝ ተቋራጭ ድርጅት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሆስፒታል ይሠራ፣ የእስር ቤት ጥገና ይይዝ፣ ለትምህርት ቤቶች ምሳ ያቀርብ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር ከ400 በላይ ውል ነበረው። በ2017 አጋማሽ 55 ሚሊዮን ፓውንድ ለባለአክሲዮኖች አከፋፈለ። በወሩ የ845 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድለት አለብኝ ብሎ አወጀ። በጥር 2018 ሲፈርስ ዕዳው 7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ፣ እጁ ላይ የቀረው ደግሞ 29 ሚሊዮን ብቻ ነበር። 43,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ለአነስተኛ ንዑስ ተቋራጮች ክፍያ እስከ 120 ቀን ያስጠብቅ ነበር፤ አራት ወር ክፍያ ያልመጣለት ቀጣሪ ከሥሩ ያለውን ቀለም ቀቢ ከየት አምጥቶ ይከፍለዋል? በ2017 ያልቃል የተባለው የሊቨርፑል ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ2022 ነው። በ2018 ሊከፈት የነበረው የበርሚንግሃም አካባቢው ደግሞ 2024 ገባ። የተረፈውን ሥራ ያስጨረሰው የመንግሥት ካዝና ነው፣ ማለትም ግብር ከፋዩ።

የሚያስቆጨው መድኃኒቱ ድሮ መጻፉ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1949 ባወጣው 94ኛው ስምምነት መሠረት የመንግሥት ውል የሚወስድ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሚከፍለው በዚያ ሙያና አካባቢ ከሚከፈለው ማነስ የለበትም። ይህ ንዑስ ተቋራጩንም ይይዛል። ደመወዝ ካልተከፈለ መንግሥት ከተቋራጩ ክፍያ ላይ ይዞ ሠራተኛው እንዲያገኝ ማድረግ ይችላል። ቀላል ነገር ነው፤ ከፋዩ አንተ ነህና ከመክፈልህ በፊት የሠራተኞቹ ደመወዝ መከፈሉን አይተህ ክፈል ነው የሚለው። እንግሊዝ ቀድመው ከፈረሙት ውስጥ ነበረች፤ በ1982 ግን ከስምምነቱ ወጣች። ካሪሊየን የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው አልልም። መንግሥት ከሠራተኛው ፊቱን ሲያዞር ግን ከገንዘቡም ፊቱን እያዞረ ነው፤ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ አሳየኝ የሚል መንግሥት ተቋራጩ እየተንገዳገደ መሆኑን ከጋዜጣ ቀድሞ ያውቅ ነበር።

«ሠራተኛውም እኮ መልአክ አይደለም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ልክ ነው። ያልሄደበትን የመስክ አበል የሚበላ አለ፣ ሰዓት ፈርሞ የሚጠፋ አለ፣ ከአለቃው ጋር ቂም ይዞ የሐሰት ጥቆማ የሚያስገባም አለ። እሱን በማስረጃ ቅጡት። የማልቀበለው ጥበቃን ሁሉ የሰነፍ መደበቂያ አድርጎ ማውራትን ነው። ሰነፉን ማን ይነካዋል? ሰነፍ የሚጠበቀው በአለቃው ነው፤ ዝም ስለሚል ይወደዳል። ሕግ የሚያስፈልገው ለዚያ ከፊርማው ጎን አንድ መስመር ለሚጽፈው ሰው ነው።

ጥበቃ ሲባል ደግሞ መፈክር አይበቃም፣ ዋናው ነገር ማስረጃ አምጣ የሚባለው ማን ነው የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የጠቋሚዎች መመሪያ እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። ጥቆማ የደረሰው ክፍል በ7 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ማለት አለበት፤ ምን እንዳደረገበትም በ3 ወር ውስጥ መልስ ይሰጣል። ሠራተኛው ከጠቆመ በኋላ ከተባረረ ወይም ከተዛወረ ደግሞ «በመጠቆሙ አይደለም፣ በሌላ ምክንያት ነው» ብሎ የማስረዳቱ ሸክም የቀጣሪው ነው። አባል አገሮች እስከ ታኅሣሥ 2021 ሕጋቸው ውስጥ እንዲያስገቡት ቀን ተቆርጦላቸው ነበር፤ አብዛኞቹ በቀኑ አልደረሱም። በብዙ ቦታ አሁንም «ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል» የሚል ደብዳቤ ይጻፋል፣ ውሸት መሆኑን አስረዳ የሚባለውም ደብዳቤው የደረሰው ሰው ነው።