ሳይት ፕላኑ ላይ ያልነበረው ዋሻ

የካቲት 29 ቀን 2005 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ለንደን ውስጥ ከኦልድ ስትሪት ጣቢያ በስተሰሜን አንድ የባቡር ነጂ ከዋሻው ጣሪያ ውሃ እየወረደ መሆኑን አሳወቀ። ተሳፋሪ ያልጫነ ባቡር ቀስ ብሎ ገብቶ እንዲያይ ታዘዘ። ነጂው ውሃው ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሁለት ትልልቅ ኦገሮች (መሬት የሚቆፍሩ ጠመዝማዛ መሰርሰሪያዎች) የዋሻውን ግድግዳ በስተው ሐዲዱ ላይ ወጥተዋል። ከዋሻው አናት 13 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለፓይል፣ ማለትም ሕንፃ ለሚሸከም ጥልቅ የኮንክሪት ምሰሶ፣ ጉድጓድ ይቆፈር ነበር።

ቆፋሪዎቹ ከእግራቸው በታች ባቡር እንደሚያልፍ አላወቁም። ዋሻው ሳይት ፕላኑ (የግንባታ ቦታው ንድፍ) ላይ የለም፤ አልሚውና የአካባቢው ፕላን መሥሪያ ቤት ባገኙት ካርታም ላይ የለም። ስለዚህ የመስመሩን ባለቤት የጠየቀ አልነበረም።

ድሬዳዋ የምድር ውስጥ ባቡር የላትም። ተደፍኖ የተረሳ የመጸዳጃ ጉድጓድ፣ አሮጌ ቧንቧ ወይም የመብራት ኬብል ግን በቆየ ግቢ ሁሉ ሊኖር ይችላል። የደቻቱ ወንዝ ዳር አፈር ደግሞ ኦፕሬተርን ያሳስታል። ጎርፍ ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ስለሆነ ኦገሩ ሲንገጫገጭ «ድንጋይ ነው፣ ግፋው» ይባላል። መታየት ያለበት ተጠርጎ የሚወጣው አፈር ነው፤ የጡብ ስባሪ፣ የብረት ፍቅፋቂ ወይም ወንፊት ያለፈ የሚመስል ንጹሕ አሸዋ ከወጣ ሰው የቀበረው ነገር ተነክቷል።

ከቁፋሮ በፊት በእጅ እስከ 1.5 ሜትር የሙከራ ጉድጓድ ማውጣት ግዴታ መሆን አለበት። የኬብል መፈለጊያ መሣሪያ የፕላስቲክ ቧንቧ አያሳይም። ሁለቱም ቢሆኑ 13 ሜትር ላይ ያለን ነገር አያገኙም፤ እሱን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ውሃን፣ መብራትን፣ ቴሌን፣ ሐዲድ አጠገብ ከሆነም ባቡርን በደብዳቤ መጠየቅ፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎችም ማነጋገር ያስፈልጋል።

ኮንክሪቱም ይናገራል። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ጥልቀት ያለው ፓይል 4.2 ሜትር ኩብ ይይዛል። ጠጠራማ አፈር ትንሽ ይጨምራል፤ 7 ሜትር ኩብ ከዋጠ ግን ከሥር ባዶ ቦታ ሊኖር ይችላልና ሙሌቱ ይቁም።

ኦገሩ አጠራጣሪ ነገር ከነካ ማሽከርከሩ ይቁም፣ ወደ ላይም አይጎተት። ቀዳዳውን የደፈነው ኦገሩ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ሲወጣ ውሃና አፈር ይከተለዋል። የመብራት ኬብል ከሆነ ኦፕሬተሩ ከጋቢናው አይውረድ፤ መስመሩ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ማንም ማሽኑን አይንካ።