ከጭንቅላት ምት በኋላ የማይለቅ ራስ ምታትን ደሴ ላይ በእርምጃ የማክምበት መንገድ

ኳስ ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን የተመታ ወይም ከባጃጅ የወደቀ ልጅ የአንጎል መናወጥ ቢደርስበት፣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል። ራስ ምታቱ፣ ማዞሩና ብዥታው ከ4 ሳምንት ሲያልፍ ግን ቤተሰብ ጨለማ ክፍል ያስተኛዋል፣ ጓደኞቹ ደግሞ «ጠንከር በል» እያሉ ሜዳ ይጎትቱታል። ሁለቱም ሕመሙን ያራዝሙበታል። ረጋ ብሎ ማረፍ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ከ24 እስከ 48 ሰዓታት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው በልክ የተሰጠ እንቅስቃሴ ነው፤ ልኩ ደግሞ የልብ ምት ነው።

መናወጡ የልብ ምትንና ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም የሚቆጣጠረውን ሥርዓት ያዛባል። ስለዚህ ልጁ ቁጭ ብሎ ደህና ይሆንና ሲሮጥ ያመዋል። በአሜሪካ የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲዎቹ ጆን ሌዲና ባሪ ዊለር የቀረጹት ፈተና የሚፈልገው ሕመሙ የሚቀሰቀስበትን የልብ ምት ነው። ልጁ በትሬድሚል (ባለበት በሚያራምድ መሣሪያ) ላይ ይራመዳል፤ መሣሪያው በሰዓት ወደ 5.2 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የመጀመሪያው ደቂቃ ሜዳ ነው፣ ከዚያ በየደቂቃው ዳገቱ በ1 በመቶ ይጨምራል። ልጁ በየደቂቃው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ይነግረኛል። ከመነሻው 3 ነጥብ ሲጨምር አቆማለሁ፤ የዚያን ጊዜው ምት ጣሪያው ነው። ገና ሳይጀምር 7 ወይም ከዚያ በላይ ካለኝ፣ ወይም የልብ ችግር ካለበት፣ ፈተናው አይደረግም።

ትሬድሚል ከሌለ ደልዳላ ሜዳ ላይ ቀስ ከሚል እርምጃ ጀምሬ በየ2 ደቂቃው አፈጥነዋለሁ። እንደቆመ ወዲያው የእጁ አንጓ ላይ የልብ ምቱን 15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 አባዛለሁ። ግማሽ ደቂቃ ከዘገየሁ ምቱ ስለሚወርድ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ይመዘገባል፤ ልጁም ከሚገባው ያነሰ ይሠራል።

የቀኑ ልክ ከጣሪያው ከ80 እስከ 90 በመቶ፣ ለ20 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ወይም 6 ቀን ነው። ጣሪያው 150 ከሆነ ከ120 እስከ 135 ይሠራል፤ በ15 ሰከንድ ቆጠራ ከ30 እስከ 33 ማለት ነው። ሕመሙ ከ2 ነጥብ በላይ ከጨመረ የዚያን ቀን ይበቃዋል። ትንሽ ጨምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተመለሰ ግን ጉዳት አይደለም፣ ለእናትየው «አብሽሪ» የምለው ያኔ ነው። በየሳምንቱ እንደገና እለካለሁ፤ መለካት ካልተቻለ ከ5 እስከ 10 ምት እጨምራለሁ።

እዚህ በጣም የሚያሳስተው አቀማመጡ ነው። «20 ደቂቃ ተራመድ» ተብሎ ከጦሳ ግርጌ የሚኖር ልጅ ከቤቱ ሲወጣ ዳገት ነው፤ በ3 ደቂቃ ጣሪያውን ያልፍና «እንቅስቃሴው አሳመመኝ» ብሎ ይተወዋል። እኔም በፊት ደቂቃና ርቀት ብቻ እሰጥ ነበር፣ ስህተት ነበር። አሁን እስከ ደልዳላው ቦታ በባጃጅ ይሂድ እላለሁ። ኮምቦልቻ ይቀላል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ከደሴም ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። የኮምቦልቻ ልጅ ደሴ ሲመጣ ፍጥነቱን ቀንሶ ያንኑ ምት ይጠብቅ።

ጾምም ይቆጠራል። ረሃብና ጥማት ራሳቸው ራስ ያሳምማሉ፤ በረመዳን ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ምሳ ከበላ በኋላ አደርገዋለሁ። ቡና ከጠጣ ወይም ጫት ከቃመ ምቱን ስለሚያዛቡት ልኬቱን ለሌላ ቀን አሳድራለሁ።

እስኪደክመው ሄዶ ምንም ካላመመው፣ ጣሪያ የለውምና ምክንያቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። አንገቱ ሲነካ ራስ ምታቱ ይቀሰቀሳል? ጭንቅላቱን ሲያዞር ወይም ሲያነብ ያዞረዋል? እንግዲያው የአንገት፣ የሚዛን ወይም የዓይን ልምምድ ነው የሚያስፈልገው፤ እርምጃ ብቻውን አይበቃም።

ትምህርት ቤት እስኪድን መጠበቅ የለበትም፣ በግማሽ ቀንም ቢሆን ይመለስ። ኳስ ግን ይቆያል፦ በሙሉ ጥረት ሮጦ እንደማያመው ሳይታይ፣ ሐኪምም ሳይፈቅድ ግጭት ያለበት ጨዋታ አይገባም፤ ወደዚያ በሚያደርሱት ደረጃዎች መካከልም ቢያንስ 24 ሰዓት ይለፍ። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከእንቅልፉ መንቃት ከከበደው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም እጅና እግሩ ከደከመ ልምምዱን ትታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።