ሰባት ለስድስት

ነሐሴ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

የፓሪስ ኦሊምፒክ ትናንት አበቃ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ታምራት ቶላ ወርቅና ትዕግሥት አሰፋ በሦስት ሰከንድ ስላጣችው ማራቶን ነው፤ እኔም ስለዚያው ሳወራ ነው የዋልኩት። ማታ ቤት ገብቼ የሜዳሊያ ሰንጠረዡን እስከ ታች ሳነብ ግን ፊንላንድን አጣኋት። ከላይ ጀምሬ ደግሜ አየሁ፤ የለችም። አንድ ነሐስ እንኳ አላገኘችም። በበጋው ኦሊምፒክ መወዳደር ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ባዶ እጇን ስትመለስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ሰው ስለ ፊንላንድ ምን አስጨነቀው የሚል አይጠፋም። እኔ ስለ ሩጫ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ከአባባ ነው፤ በአባባ ጨዋታ ውስጥ ደግሞ ፊንላንድ ሩቅ አገር ሆና አታውቅም።

አባባ ደብተር አላቸው። ጠርዙ ተገንጥሎ በፕላስተር የተያያዘ፣ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ነው። የየኦሊምፒኩን የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር አሸናፊዎች ስም፣ አገርና ሰዓት በእጃቸው ይጽፉበታል። ከእርሳቸው ዘመን በፊት የነበሩትንም ከጋዜጣና ከመጽሔት ለቃቅመው ሞልተውታል። ኢትዮጵያውያን በቀይ እስክሪብቶ፣ የቀረው ዓለም በሰማያዊ፣ ፊንላንዶች ብቻ በአረንጓዴ ተጽፈዋል። ለምን ለብቻቸው ቀለም እንደሰጧቸው ስጠይቃቸው «እነሱማ ከሌላው ጋር አይደመሩም» ነው ያሉኝ።

ሐምሌ 26 ማታ የ10 ሺህ ሜትሩን ፍጻሜ ስናይ ያ ደብተር ጭናቸው ላይ ነበር። ልጆቻችን ሦስቱም ከፊት ሆነው ውድድሩን ሲያከሩት ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት አቅቶት ነበር። በመጨረሻ ዩጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 ገባ፤ በሪሁ አረጋዊ በ26:43.44 ተከተለው። የእህቴ ልጅ አንገቱን ደፋ። አባባ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን መልሰው ገጠሙና «ዛሬ እኩል ልንሆን ነበር» አሉ።

«ከማን ጋር ነው እኩል የምንሆነው?» አልኳቸው።

«ከፊንላንዶቹ ነዋ! ሰባት ለስድስት ነን እኮ።»

ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ፤ አብረን ቆጠርን። የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1912 ነው (ከዚህ በታች ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በእነሱ ነው)። ሃነስ ኮሌህማይነን በ1912፣ ፓቮ ኑርሚ በ1920፣ ቪሌ ሪቶላ በ1924፣ ኑርሚ እንደገና በ1928፣ ኢልማሪ ሳልሚነን በ1936፣ ላሴ ቪረን በ1972 እና በ1976። ሰባት ወርቅ። የእኛ ደግሞ ምሩፅ ይፍጠር በ1980፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስና በቤጂንግ፣ ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ። ስድስት። ርቀቱን የራሳችን አድርገን ስናወራ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ሰባት አረንጓዴ መስመሮች ከስድስቱ ቀያዮች በላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም ያን ሌሊት። በሪሁ ያን ሦስት ዐሥረኛ ሰከንድ ቢያገኝ ኖሮ ሰባት ለሰባት ነበርን።

ከእነዚያ ሁሉ ፊንላንዶች የአባባ ሰው ቪረን ነው። ሚርስኪላ ከምትባል ትንሽ የገጠር መንደር የወጣ ፖሊስ ነበር። የ1972ቱን የሙኒክ ውድድር እኔም በኢንተርኔት ስንቴ እንዳየሁት! ሩጫው ገና ግማሽ ሊደርስ ሲል፣ አሥራ ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ቪረን ከሰው እግር ጋር ተጠላልፎ ወደ ሣሩ ይወድቃል፤ ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲም በእርሱ ላይ ተደናቅፎ ይከመራል። ጋሙዲ ተነስቶ ትንሽ ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ቪረን ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳ። ሁልጊዜ የማየው ያን ቦታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደንግጦ የፊተኞቹን ለመያዝ ይበር ነበር፤ ጉልበቱም እዚያው ያልቅ ነበር። እርሱ ወደ ትከሻው እንኳ ሳያይ፣ እርምጃውን በጥቂቱ ብቻ ጨምሮ፣ አንድ ዙር ሳይሞላ ከቡድኑ ጭራ ደረሰ። ከዚያ 600 ሜትር ሲቀር ፍጥነቱን ለቀቀው። ቤልጂጋዊው ኤሚል ፑተማንስ እስከ መጨረሻው ቢታገለውም አልቻለውም። ቪረን በ27:38.4 ገባ፤ ሮን ክላርክ ከ1965 ጀምሮ ይዞት የነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በወደቀ ሰው ተሰበረ። ሦስተኛ የገባው የኛው ምሩፅ ነበር።

ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 28 ቀን 1964 ነው። ከሳምንት በኋላ፣ ጳጉሜን 5፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ አመጣ፤ በዚያው ቀን ቪረን 5 ሺውን ደረበ፣ ሌላው ፊንላንዳዊ ፔካ ቫሳላ ደግሞ 1500 ሜትሩን ወሰደ። ምሩፅ ግን 5 ሺውን አልሮጠም፤ የማጣሪያው ተኩስ ሲተኮስ መስመሩ ላይ አልነበረም። ለምን ሳይደርስ እንደቀረ እስከ ዛሬ የተለያየ ነገር ይወራል፤ አባባ ስለዚያ ሲነሳ ፊታቸው ይለወጣል፤ እኔም አልቆሰቁሰውም። ያኔ ወጣት ነበሩ፣ ሁሉንም የሰሙት በጎረቤት ሬዲዮ ነው። ለእንቁጣጣሽ ዶሮ እየተገነጠለ፣ ወንዶቹ ሬዲዮኑን ከበው ስለ ማሞ ደስ እያላቸው ስለ ምሩፅ ሲበሳጩ እንዳመሹ ይነግሩናል።

በ1976 በሞንትሪያል ቪረን ሁለቱንም ርቀት ደገማቸው። 5 ሺውን ባሸነፈ ማግሥት ደግሞ ማራቶን ገብቶ አምስተኛ ወጣ። እኛ ግን አልነበርንም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወዳለበት ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ፣ አፍሪካውያን ተቃውመው ከጨዋታው ሲወጡ ኢትዮጵያም አብራ ወጣች። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም ቢሆን። ግን የምሩፅ ምርጥ ዕድሜ የዚያ ውሳኔ ዋጋ ሆኖ ሄደ። ለቪረንም ቢሆን ከምሩፅ ጋር ሳይገናኝ ያገኘው ወርቅ እንደ ሙኒኩ ያለ ጣዕም ያለው አይመስለኝም።

ዳግም የተገናኙት በሞስኮ ነው። (የሙኒኩ ውድድር በፈረንጅ 1972፣ የሞስኮው በእኛ 1972! አባባ ይህን እያነሱ ሁልጊዜ ይደነቃሉ።) ሐምሌ 20 ቀን ምሩፅ፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ሦስቱ በአንድ ወገን፣ ቪረንና ካርሎ ማኒንካ በሌላ ወገን ሆነው ተሰለፉ። የኛዎቹ አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያቀዘቀዙ የሰውን እስትንፋስ ቆራረጡት። ቪረን ጉልበቱ እንደ ድሮው ባይሆንም ደጋግሞ ወደ ፊት ይወጣ ነበር፤ ሳይታገል የሚሰጥ ሰው አልነበረም። 300 ሜትር ሲቀር ማርሽ ቀያሪው ማርሹን ቀየረ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ከጀርባ ያለውን ነው፦ ሁለተኛ ማኒንካ፣ ሦስተኛ መሐመድ፣ አራተኛ ቶሎሳ፣ አምስተኛ ቪረን። ከአንድ እስከ አምስት ከሁለት አገር ውጭ ሌላ ስም የለም። የፊንላንዶቹ ዙፋን ወደ እኛ ሲያልፍ በሌላ ሰው እጅ አልተላለፈም፤ ፊት ለፊት ነው የተረካከብነው። አባባ «አይደመሩም» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

ማኒንካ በኋላ ላይ ራሱ ወጥቶ ከውድድሩ በፊት ብርታት እንዲጨምርለት ደም እንደተሰጠው ተናገረ። ያኔ በሕግ አልተከለከለም ነበር። በቪረንም ላይ ብዙ ተብሏል፤ እርሱ ክዷል፣ የቀረበበት ማስረጃም የለም። እኔ ያልተረጋገጠ ነገር ይዤ ሰው አላማም። የማኒንካ የብር ሜዳሊያ ግን ደስ አይለኝም፤ መሐመድ ከድርን ሳስብ ያመኛል። አባባም የማኒንካን ስም ከጠርዙ ላይ ጽፈው በእርሳስ አስምረውበታል።

አሁን ወደ ፓሪስ ልመለስ። ልቤን የነካው ከተማዋ ራሷ ስለሆነች ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1924፣ ፊንላንድ በዚችው ከተማ 14 ወርቅ ጨምሮ 37 ሜዳሊያ ሰብስባ ከአሜሪካ ቀጥላ ሁለተኛ ወጥታ ነበር። ኑርሚ ብቻውን አምስት ወርቅ ወሰደ። 1500ውንና 5 ሺውን ያሸነፈው በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በመካከሉ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ በዚያ በሚያቃጥል ሙቀት አገር አቋራጭ ሮጡ፤ ከ38 ሰው የጨረሱት 15 ብቻ ነበሩ፤ ሌላው በየመንገዱ ሲወድቅ ኑርሚ አንደኛ ገባ። 10 ሺውን ያልሮጠው የአገሩ ኃላፊዎች ስለከለከሉት ነው፤ ሪቶላ በዓለም ክብረ ወሰን ወሰደው። በ1936 በርሊን ላይ ደግሞ ሳልሚነን፣ አስኮላና ኢሶ-ሆሎ ተከታትለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ገቡ። በዚያው ኦሊምፒክ 5 ሺውን ያሸነፈው ጉናር ሆከርት አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አገራቸው ከሶቪየት ጋር በገጠመችው የክረምት ጦርነት ተሰዋ። የመጀመሪያው፣ ኮሌህማይነን፣ በስቶክሆልም ሲያሸንፍ ፊንላንድ በሩሲያ ሥር ስለነበረች የተሰቀለው የሩሲያ ባንዲራ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ሩጫ ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እኛም በሮም በባዶ እግሩ የሮጠ አባት አለን።

አበበ ሲነሳ ደግሞ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ሳይነሳ አይታለፍም። ስዊድናዊ ብለን ነው የምንጠራው፤ በዘሩ ግን ፊንላንዳዊ ነው።

እንግዲህ ያ ሁሉ ታሪክ ያለው ሕዝብ ነው ዘንድሮ አንድ ነሐስ ያጣው። ከሪዮ አንድ ነሐስ፣ ከቶኪዮ ሁለት ነሐስ፣ ከፓሪስ ምንም። የመጨረሻው የበጋ ወርቃቸው ቤጂንግ 2008 ነው፤ ያውም በተኩስ። ጦር ውርወራ አሁንም የእነሱ ነው ይባላል፤ የሄልሲንኪ ስታዲየም ማማ ቁመቱ 72 ሜትር ከ71 የሆነው ማቲ ያርቪነን በ1932 ወርቅ ባገኘበት ውርወራ ልክ ስለተሠራ ነው። ፓሪስ ላይም ሦስት ፊንላንዶች ፍጻሜ ገብተው ነበር፤ ሦስቱም ያለ ሜዳሊያ ወጡ።

ሰው «ልጆቻቸው ወደ በረዶ ሆኪ ሄዱ» ይላል፤ እውነትም በ2022 የክረምቱን ኦሊምፒክ የሆኪ ወርቅ ወስደዋል። «አፍሪካ መጣችባቸው» የሚልም አለ፤ ይህም እውነት ነው፤ ከመጡባቸው አንዱ እኛ ነን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ስለ እነሱም በዘመናቸው ልክ አሁን ስለ እኛ የሚባለው ይባል ነበር፤ ሩጫ በደማቸው አለ፣ ምድራቸው ሯጭ ታበቅላለች፣ ሌላው አይደርስባቸውም። እኛ ከሲድኒ አራት ወርቅ ይዘን መጣን። ከሪዮ አንድ፣ ከቶኪዮ አንድ፣ አሁንም ከፓሪስ አንድ። በእኔ ሰፈር አንድ ልጅ ልሩጥ ቢል አስፋልት ዳር ከመኪና ጭስ ጋር ነው፤ እንደ ልብ የሚገባበት መም የለም። እንጦጦ የሚወጣውም የታክሲ ያለው ነው። ሰባት ወርቅ የነበረው አገር ከፍጻሜው ሲጠፋ ካየሁ በኋላ ደም እና ምድር የሚለው ወሬ አያሳምነኝም።

ዛሬ ጠዋት ለአባባ የፊንላንድን ነገር ነገርኳቸው። ቁርስ አልበሉም፣ ፍልሰታ ነው፤ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። «ባዶ? ጭራሽ?» ብለው ዝም አሉ። ቆይተው «አንድ ሯጭ እንኳ የላቸውም?» ሲሉኝ ስለ ቶፒ ራይታነን ነገርኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት የአውሮፓ ሻምፒዮና ላይ 3 ሺህ ሜትር መሰናክል አሸንፏል፤ ያሸነፈውም ሙኒክ፣ ቪረን ወድቆ በተነሳበት በዚያው ስታዲየም፣ ልክ በሃምሳ ዓመቱ። አባባ ስሙን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። የአውሮፓ ሻምፒዮና ደብተራቸው ውስጥ ቦታ የለውም፤ እንዲያም ሆኖ በኋላው ሽፋን ላይ በአረንጓዴ ጻፉት።

ቀጣዩ የበጋ ኦሊምፒክ በ2028 ሎስ አንጀለስ ነው፤ በ1932 ኑርሚን በገንዘብ ሮጠሃል ብለው ከውድድር ያስቀሩባት ከተማ። እዚያ በሪሁ ወይም ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ልጅ ሰባተኛዋን እንዲያመጣልን እፈልጋለሁ፤ ከልቤ። የ10 ሺህ ሜትሩ መነሻ መስመር ላይ ግን አንድ ፊንላንዳዊ ቆሞ ባይ፣ ተፎካካሪያችን ቢሆንም፣ ለእርሱም አጨበጭባለሁ። አባባም እንደዚያው ነው ያሉኝ፤ «ብቻ ሁለተኛ ይውጣ» ብለው ጨመሩበት።