አሥራ አንድ ባዶ ባክአፕ

ድረ ገጼን ሦስት ዓመት ሙሉ ያቆየሁት ራሴ በማስተዳድረው ቪፒኤስ (ከኩባንያ የሚከራዩት ሰርቨር) ላይ ነው። ቪፒኤስ ባዶ ቤት እንደመከራየት ነው። ግድግዳና ጣሪያ ይሰጡሃል፣ የቀረው ያንተ ጣጣ ነው። ስርዓተ ክወናው ኡቡንቱ፣ ገጹን ለጎብኚ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል፣ ከላይ ገጹ የሚዘጋጅበት ዎርድፕሬስ፤ ሁሉንም በእጄ ጫንኩ። ገጹ መጀመሪያ ሲከፈት ደረቴ ተነፋ። ማኔጅድ ሆስቲንግ (ሰርቨሩን ኩባንያው የሚያስተዳድርልህ አገልግሎት) በሚገዙ ሰዎች ላይ መሳቅም ይቃጣኝ ነበር።

በማግስቱ የመግቢያ ሎጉን ብከፍተው ጉድ ነው። ከማላውቃቸው አድራሻዎች «ሩት»፣ «አድሚን»፣ «ቴስት» እያሉ ፖርት 22ን (ሰርቨሩን ከሩቅ ለማዘዝ የሚገባበትን በር) ሲያንኳኩ አድረዋል። ገጹን ገና አንድ ሰው አላየውም፤ ሮቦቶቹ ግን ደርሰውበታል። በፓስወርድ መግባትን ዘጋሁ፣ በቁልፍ ፋይል ብቻ አደረግሁት። አንድ ምሽት ፈጀብኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት።

የከበደኝ ቀጠሮ የሌለው ሥራ ነው። አንዴ «ሁሉም ነገር በኤችቲቲፒኤስ፣ በተመሰጠረው መስመር ነው» ብዬ ፋየርዎሉ ላይ ፖርት 80ን (ያልተመሰጠረውን በር) ዘጋሁ። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፊኬት ያኔ የሚያገለግለው 90 ቀን ነበር። የእኔ ደግሞ የሚታደሰው በዚያው በዘጋሁት በር ነበር። ከሳምንታት በኋላ ጎብኚዎቼን የተቀበላቸው የብራውዘር ማስጠንቀቂያ ሆነ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ገጹ «ከዳታቤዝ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ዲስኩን ባየው 100 ከመቶ ሞልቷል። ማይኤስኪውኤል 8 እያንዳንዱን ለውጥ በራሱ ሎግ ይመዘግባል፣ ካልነኩት ለ30 ቀን ያስቀምጠዋል። ይህን አላውቅም ነበር። የዕለት ባክአፑንም (የገጹን መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያው ዲስክ ላይ ነበር የምከምረው። የሎጉን ዕድሜ አሳጠርኩ፣ ቦታ ለቀቅሁ፣ ገጹ ተነሳ።

ተነፈስኩ ስል የባክአፑን ፎልደር ከፈትኩ። የመጨረሻዎቹ 11 ፋይሎች 0 ባይት ናቸው። ከ11 ቀን በፊት የዳታቤዙን ፓስወርድ ቀይሬያለሁ፤ ባክአፑን የሚሠራው ስክሪፕት ውስጥ ያለው የድሮው ነው። ምስኪን ስክሪፕት በየሌሊቱ በሰዓቱ ተነስቶ ባዶ ፋይል ሲያስቀምጥልኝ ከርሟል! ዳታው ያልጠፋው በዕድል ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ማኔጅድ ሆስቲንግ የወር ክፍያው ከቪፒኤሱ በልጦ ነበር ወደኋላ ያስቀረኝ። የእኔን ሰዓት ግን አንድም ቀን ሒሳብ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም። ከመግዛቴ በፊት ጥቂት ጥያቄ ይዤ ወደ ኩባንያዎቹ የደንበኛ አገልግሎት ጻፍኩ። ባክአፕ ስንት ቀን ይቆያል? ገጹን ከባክአፑ ራሴ መመለስ እችላለሁ ወይስ ተራ ልጠብቅ? ፋይሉንም ዳታቤዙንም ሙሉ አውርጄ መውጣት እችላለሁ? አንደኛው ለመጨረሻው ጥያቄ ማስታወቂያ ላከልኝ። ተውኩት።

ወደ ሌላ ኩባንያ ማኔጅድ ሆስቲንግ መዛወሩ ቀላል ነበር። ከሁለት ቀን በፊት የዲኤንኤሱን (የገጹን ስም ከሰርቨሩ አድራሻ ጋር የሚያገናኘውን) ቲቲኤል፣ ማለትም የድሮው አድራሻ በሌሎች ዘንድ ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከ86400 ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አደረግሁ። አድራሻው ሲቀየር አብዛኛው ጎብኚ በደቂቃዎች ውስጥ አዲሱ ሰርቨር ላይ ደረሰ። አሮጌውን ለአንድ ሳምንት አላጠፋሁትም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። የሩት ፈቃድ፣ ማለትም በሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን፣ የለኝም። ሁልጊዜ መሮጥ ያለባት አንዲት የፓይተን ፕሮግራም አለችኝ፣ እዚያ ቦታ አላገኘችም፤ ለእሷ ስል ትንሽ ቪፒኤስ አስቀርቻለሁ። ብትወድቅ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ደግሞ «ማኔጅድ» ሲሉ ሁሉንም መስሎኝ ነበር። ሲስተሙን እነሱ ያድሳሉ፤ እኔ ዎርድፕሬስ ላይ የጫንኳቸው ፕለጊኖች (ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ግን አሁንም የእኔ ዕዳ ናቸው።

ባክአፕም ለእነሱ ብቻ አልተውኩም። በየሳምንቱ አንድ ኮፒ ወደ ቤቴ ኮምፒውተር ይወርዳል። ፋይሉ ካለፈው ሳምንት ካነሰ ስልኬ ይጮኻል። እኔም አላምነውም፤ መጠኑን በዓይኔ አያለሁ።