ማበጠሪያዋ እጄ ላይ እንዳለች

ዛሬም የሌሊት ሽፍት ነኝ። ማዳም ተኝተዋል። ሳሎን ሶፋው ላይ ተጣጥፌ በስልኬ ነው የምጽፈው፣ ትንፋሻቸው በሞኒተሩ ይሰማኛል፣ የሕፃን ሞኒተር ነው በነገራችን ላይ፣ ልጃቸው ነው ገዝቶ ያመጣው፣ መጀመሪያ ሳየው ትንሽ ከፍቶኝ ነበር አሁን ግን ለመድኩት።

ማዳም እዚህ ሜሪላንድ የምጠብቃቸው ሴትዮ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሃይስኩል ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ ኖረው ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው ስትሮክ ከመታቸው። የምናወራው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቱ የሚባል ነገር የለም፣ እዚህ ስጽፍ ግን እጄ "ተኝታለች" ማለት እምቢ አለኝ። ፈረንሳይኛም አንቱ እንዳለው የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ "ቩ" ነው የሚሉት፣ ያን ቀን ፈረንሳዮቹን ወደድኳቸው።

መጻፍ የፈለግኩት ግን ስለ ፈረንሳዊቷ አክተር ስለ ኤማኑኤል ሪቫ ነው። ማዳም አፋቸው እንዲህ ሳይተሳሰር በፊት "አሙር" የሚባለውን ፊልም ዲቪዲ ሰጥተውኝ ነበር፣ ሥራሽን ታይበታለሽ አሉኝ። እኔ ደግሞ ስሙ ፍቅር ነው ሲሉኝ የፍቅር ፊልም መስሎኝ፣ ለዕረፍት ቀኔ ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ወራት ተሸክሜው ዞርኩ። ያየሁት ባለፈው ወር ነው፣ ከዛ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ፓሪስ ውስጥ ያሉ ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ጡረታ የወጡ የፒያኖ አስተማሪዎች። ቁርስ ላይ ናቸው፣ ባልየው ያወራል፣ ሚስትየዋ (ሪቫ ናት) ዝም። ትኩር ብላ ታያለች ግን እሱን አይደለም የምታየው። ይጠራታል፣ ፎጣ በውኃ ነክሮ ፊቷን አንገቷን ይነካካታል፣ ምንም የለም። ቧንቧውን እንደከፈተው ልብሱን ሊቀይር ይገባል፣ ሰው ሊጠራ ነው መሰለኝ፣ ከዛ የውኃው ድምፅ ጸጥ ይላል። ሲመለስ እሷ ናት የዘጋችው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቧንቧውን ክፍት ትተኸው ሄድክ ብላ ትወቅሰዋለች። ያንን አስተያየት እኔ አውቀዋለሁ። ሁለት ሰው ላይ አይቼዋለሁ፣ ዓይን ተከፍቶ ባለቤቱ ቤት የሌለበት። ሪቫ እንዴት አድርጋ እንዳመጣችው አይገባኝም፣ ሜካፕ አይደለም፣ አትንቀሳቀስም፣ ዝም ብላ ነው ከዓይኗ ውስጥ የወጣችው።

ከዛ ወዲያ እየባሰባት ይሄዳል፣ ቀኝ ጎኗ ይያዛል፣ ንግግሯ ይበላሻል፣ ሪቫ 84 ዓመቷ አካባቢ ሆና በግማሽ ፊትና በአንድ እጅ ትተውናለች። ባልየው ዣን ሉዊ ትሬንቲኛን ነው፣ ልጃቸው ሆና የምትሠራው ኢዛቤል ዩፔር። ዳይሬክተሩ ሚካኤል ሃኔከ ኦስትሪያዊ ነው፣ ሙዚቃ ጨምሮ እንኳን አያስለቅስህም፣ ያሳይሃል በቃ።

እኔን የገደለኝ ግን የነርሷ ሲን ነው። አዲስ የተቀጠረች ነርስ የሴትየዋን ጸጉር ታበጥራለች፣ ጎተት ጎተት እያደረገች፣ ሴትየዋ ታቃስታለች ነርሷ ግን እንደ ሕፃን እያባበለች ሰው ሁሉ ቆንጆ ነሽ እንዲልሽ ነው ትላታለች፣ ከዛ መስታወት አንስታ ፊቷ ላይ ትደቅናለች። ሪቫ ፊቷን ታዞራለች። ይሄው ነው። ባልየው በኋላ ነርሷን ያባርራታል፣ ይሰዳደባሉ፣ እሷ እኔ ላይ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም ምን አጠፋሁ ትላለች፣ እውነቷን ነው እኮ፣ ምን እንዳጠፋች አልገባትም።

ፖዝ አደረግኩት። ምክንያቱም ያቺ ነርስ እኔ ነኝ። አንድ እሁድ የማዳም ልጅ ሊመጣ ነው ብዬ ላሳምራቸው፣ ጸጉራቸውን አጥቤ፣ ኋላው ላይ በትራስ የተቋጠረውን ጸጉር በማበጠሪያ እየፈታሁ፣ እሳቸው እህ እህ ሲሉ እኔ "ኦልሞስት ደን፣ ኦልሞስት ደን" እያልኩ፣ ከዛ መስታወቱን ይዤ "ሉክ ሃው ቢዩቲፉል"። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ዛሬ ደግሞ ተኮሳትረዋል ብዬ ለልጃቸው ነገርኩት። ስቄ ነው ደግሞ የነገርኩት።

ያን ሌሊት እስኪነጋ ይቺ ሪቫ የምትባል ሴትዮ ማናት ብዬ ስፈልግ አደርኩ። የተወለደችው በፈረንጆቹ በ1927 ምሥራቅ ፈረንሳይ ቮዥ የሚባል አገር ነው፣ ትክክለኛ ስሟ ፖሌት። አባቷ የጣሊያን ዘር ያለው የሱቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ቀቢ፣ እናቷ ልብስ ሰፊ፣ እሷም ራሷ ልብስ ሰፊ ሆነች። እስከ 26 ዓመቷ ድረስ! ጋዜጣ ላይ የድራማ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ አይታ ነው በ1953 ፓሪስ የሄደችው። ለእማዬ ደውዬ ይሄን ስነግራት (እማዬ አርባ ዓመት ሲንጀር መኪና ላይ ነው ያሳደገችን) አክተርነቱን ምኑንም አልሰማችም፣ "ሰፊ ነበረች? ወንበሩ ወገቧን አሟት ይሆናል የሄደችው" አለችኝ።

ከዛ 1959 ላይ "ሂሮሺማ ሞናሙር" የሚባለው ፊልሟ መጣ። ማርገሪት ዱራስ ጽፋ አለን ሬኔ ያዘጋጀው። ፈረንሳዊት አክተር ለፊልም ሥራ ሂሮሺማ ሄዳ ከአንድ ጃፓናዊ ጋር ትዋደዳለች፣ በዛው በጦርነቱ ጊዜ ኔቨር የምትባል ከተማዋ ውስጥ ያፈቀረችው ጀርመናዊ ወታደር በትዝታዋ ይመጣባታል። ወታደሩን ይገድሉባታል፣ እሷን ደግሞ ከጠላት ጋር ተኝተሻል ብለው ጸጉሯን ይላጯታል፣ ቤተሰቦቿ ምድር ቤት ይዘጉባታል፣ እዛ ጨለማ ውስጥ እጇን ግድግዳው ላይ እየፈተገች ደሟን ትልሰዋለች። ይሄን አሁን በቅርቡ ነው ያየሁት፣ ከ"አሙር" በኋላ፣ እና ጸጉሯን ሲላጩ ሳይ ዘልዬ ነው የተነሳሁት፣ ያቺው ጭንቅላት እኮ ናት! በ1959 ሰው ይላጫታል፣ በ2012 ሰው ያበጥራታል፣ ሁለቱም ጊዜ እሷን የጠየቀ የለም። በሁለቱም ደግሞ ፊቷ ላይ የሚሆነው ነገር አንድ ዓይነት ነው፣ አትጮህም፣ ትሄዳለች።

ደግሞ አብሯት የሠራው ጃፓናዊ ኤጂ ኦካዳ ፈረንሳይኛ አይችልም ነበር አሉ፣ ሁሉንም በድምፁ ሸምድዶ ነው የተናገረው። እዚህ ላይ ሳቅኩ። እኔም ሥራ የጀመርኩ ሰሞን "ሃው አር ዊ ፊሊንግ ቱዴይ" የሚለውን እንደዛ ነው የሸመደድኩት፣ መልሱ ሲመጣ ነው ጉዱ። እሷ ደግሞ ቀረጻ በሌለ ሰዓት ካሜራ ይዛ የሂሮሺማን ልጆችና መንገዶች ስታነሳ ነበር፣ ፎቶዎቹ በመጽሐፍ የወጡት ከ50 ዓመት በኋላ ነው። 50 ዓመት መሳቢያ ውስጥ!

ከሂሮሺማ በኋላ ከዣን ፖል ቤልሞንዶ ጋር በዳይሬክተሩ በሜልቪል ፊልም ላይ ቄስ የወደደች ሴት ሆነች፣ በ1962 "ቴሬዝ ዴስኬሩ" ላይ ባሏን መርዝ የምታበላ ሴት ሆና ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ከዛ በኋላ ትልልቅ የገበያ ፊልም ሲያመጡላት እምቢ እያለች ወደ ቴአትሩ አዘነበለች፣ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የፒንተርን ተውኔት ሠራች፣ ግጥም ጽፋ አሳተመች። እና አሁን ስለሷ የተጻፈውን ሳነብ "ጠፍታ ቆይታ እንደገና ተገኘች" የሚሉት ነገር ያናድደኛል። የት ጠፋች? መድረክ ላይ ነበረች እኮ፣ በየማታው። ማዳምም ፎቅ ላይ መኝታ ቤታቸው ውስጥ ናቸው እኮ፣ ጎረቤቶቹ ግን "አሉ እንዴ?" ይሉኛል።

በ1993 ደግሞ የፖላንዳዊው ዳይሬክተር የኪሽሎቭስኪ ፊልም "ብሉ" ላይ ለትንሽ ደቂቃ ትመጣለች፣ የዡልየት ቢኖሽ እናት ሆና፣ የመርሳት በሽታ ይዟት አረጋውያን ቤት ቁጭ ብላ ቲቪ ታያለች፣ ልጇ ስትመጣ በራሷ እህት ስም ትጠራታለች። ልጅቷ አይደለሁም ብትልም ተመልሳ እዛው ናት። እኔንም ማዳም በእህታቸው ስም መጥራት ከጀመሩ ቆዩ። መጀመሪያ አካባቢ አስተካክላቸው ነበር።

"አሙር" ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶሩን፣ በ2012 ወሰደ። በቀጣዩ ዓመት የእንግሊዞቹ ሽልማት ባፍታ ለሷ፣ የፈረንሳዮቹ ሴዛር ለሷ፣ ኦስካር ደግሞ በ85 ዓመቷ ታጨች፣ በምርጥ ሴት ተዋናይት ዘርፍ ከሷ በፊት በዛ ዕድሜ የታጨ የለም፣ በዛው ዓመት ደግሞ የ9 ዓመት ልጅ አብራት ታጭታለች። ሥነ ሥርዓቱ የዋለው ፌብሩዋሪ 24 ነው፣ 86ኛ ልደቷ ቀን! ሽልማቱን የ22 ዓመቷ ጄኒፈር ሎውረንስ ወሰደችው። እኔ ብሆን አኩርፌ ነበር፣ እውነት።

እሷ ግን በ2014 ፓሪስ አትሊዬ ቴአትር ተመልሳ መድረክ ወጣች፣ በዱራስ "ሳቫና ቤይ"፣ ትዝታዋ የተበታተነባት አሮጊት አክተር ሆና። በ87 ዓመቷ የሚረሳ ሰው ለመሆን ስንት ገጽ ቃል በቃሏ መያዝ እንዳለባት አስቡት። ጃንዋሪ 27 2017 ፓሪስ ውስጥ በካንሰር ሞተች፣ 90 ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት።

ዛሬ ማታ ማዳምን ከሻወር ሳወጣቸው ጸጉራቸው እንደ ልማዱ ተቋጥሯል። ማበጠሪያዋን ይዤ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ፣ ምንም ሳልል። ብዙ ቆየን። ያልተያዘው እጃቸው መጥቶ ማበጠሪያዋን ከእጄ ላይ ወሰዳት፣ ግንባራቸው ጋ ያለውን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎተት ጎተት አደረጉ፣ ኋላውን ተዉት፣ መለሱልኝ። ኋላው እንደተቋጠረ ነው የተኙት። ነገ ጠዋት የምትመጣው ልጅ ምነው ሳታበጥሪያቸው ልትለኝ ነው፣ ፊልሙን ላውሳት ይሆን እያልኩ ነበር፣ ግን ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ሰው የት ይገኛል።

ቆይ፣ በሞኒተሩ የእህታቸውን ስም እየጠሩ ነው። ልሂድ።