በዋሽንግተን ዲሲ ልጆቼን ፕሪኬ ያስገባሁበት መንገድ

ዲሲ ውስጥ የሚኖር ልጅ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት ከሞላው ፕሪኬ 3 (ፕሪኬ ከኪንደርጋርተን በፊት ያለው የሕፃናት ክፍል ነው)፣ 4 ከሞላው ደግሞ ፕሪኬ 4 በነፃ መግባት ይችላል። የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው ግን ቦታው የተረጋገጠ ስለሚመስለው ነው። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ልጃችንን የመቀበል ግዴታ የሚኖርበት ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚገባው ማይ ስኩል ዲሲ በሚባለው ሎተሪ ነው። ሁለቱንም ልጆቼን ያስገባሁት በዚሁ ነው።

ማመልከቻው በዲሴምበር አጋማሽ ይከፈትና በማርች መጀመሪያ ይዘጋል። በመጀመሪያው ቀን ያመለከተና በመጨረሻው ቀን ያመለከተ እኩል ናቸው፤ ካለፈ በኋላ የመጣ ግን ከተጠባባቂዎች ሁሉ መጨረሻ ይሰለፋል። ስለዚህ በጥድፊያ ከመሙላት ጃንዋሪን ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ በማየት ማሳለፍ ይሻላል። ቅጹ በአማርኛም አለ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ማመልከቻ ብቻ ነው፣ እናትም አባትም ለየብቻ አይሞሉም።

እስከ 12 ትምህርት ቤት ድረስ በቅደም ተከተል መጻፍ ይቻላል፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። "ቦታ የመስጠት ዕድሉ ሰፊ የሆነውን አንደኛ አድርጉት" የሚል ምክር በየቡናው ይሰማል። ልክ አይደለም። አንድን ትምህርት ቤት አንደኛ ማድረግ በዚያ ትምህርት ቤት ያለንን ዕድል አይጨምርም፣ አምስተኛ ማድረግም አይቀንስም። ዕድሉን የሚወስኑት በዕጣ የሚደርሰን የሎተሪ ቁጥርና የቅድሚያ መብት ናቸው፤ በተለይም የሰፈሩ ነዋሪ መሆንና በትምህርት ቤቱ የሚማር ወንድም ወይም እህት መኖር። አንዳንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በጊዜው ላመለከተ የሰፈራቸው ነዋሪ የፕሪኬ ቦታ ዋስትና ይሰጣሉ፤ የእናንተ ሰፈር ከነዚህ መሆን አለመሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ሦስተኛ የጻፍነው ከደረሰን ከአራተኛው ጀምሮ ያሉት ይሰረዛሉ፣ ለአንደኛውና ለሁለተኛው ግን በተጠባባቂነት እንቆያለን። እኔ በእውነት በምፈልጋቸው ቅደም ተከተል ጻፍኩ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ላደርስበት የማልችለውን ትምህርት ቤት ጨርሶ አላስገባሁም።

ሎተሪው ራሱ ሰነድ አይጠይቅም፤ ሰነዱ የሚፈለገው ለምዝገባ ነው። የዲሲ ነዋሪነትን ለማረጋገጥ፣ የዲሲ ታክስ መቆረጡን የሚያሳይ ከ45 ቀን ያልበለጠ የደመወዝ ፔይስታብ ብቻውን ይበቃል። ታክሲና ኡበር የሚነዳ ወይም የራሱን ሥራ የሚሠራ ፔይስታብ ስለሌለው ሁለት ሰነድ ያምጣ፤ ጊዜው ያላለፈበት የዲሲ መንጃ ፈቃድና የዲሲ የመኪና ምዝገባ ይሆናሉ። የቤት ኪራይ ውልም (ሊዝ) ይሠራል፣ ግን ኪራይ የተከፈለበት ማስረጃ አብሮት መቅረብ አለበት፤ የመብራት ወይም የውሃ ቢልም ደረሰኙን ይፈልጋል። ሰው የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ደረሰኙን ትቶ ቢሉን ብቻ ይዞ በመምጣቱ ነው። በሁሉም ላይ ስሙና አድራሻው የሚያስመዘግበው ወላጅ መሆን አለበት። ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖር፣ በስሙ ምንም ወረቀት የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ፤ ቤት ድረስ መጥተው የሚያረጋግጡበት መንገድ አለ፣ ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ።

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እየኖሩ የዲሲ ዘመድ አድራሻ መስጠት ግን አደገኛ ነው። ከተማው ይመረምራል፣ የነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ክፍያ ያስከፍላል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰባቸው ወላጆችም አሉ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የየራሳቸው ፕሪኬ አላቸው፤ እዚያ ገቢና ሌሎች መስፈርቶች ይታያሉ፣ በሜሪላንድ 4 ዓመት የሚቆጠረውም እስከ ሴፕቴምበር 1 ነው።

ኢትዮጵያ ለተወለደ ልጅ የልደት ቀኑን ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ሴፕቴምበር 30 በእኛ መስከረም 20 አካባቢ ነው። መስከረም 15 ቀን 2014 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 25፣ 2021 ነው የተወለደው። በመስከረም ልዩነቱ 7 ዓመት ሆኖ ሳለ በልማድ 8 የደመረ ሰው 2022 ብሎ ይጽፋል፤ ልጁም ሙሉ ዓመት ይዘገያል። የልጁ ስም በልደት ወረቀቱ፣ በክትባት ካርዱና በማመልከቻው ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ የእናት የመጨረሻ ስም ከልጁ ስለሚለይ ዝምድናውን የሚያሳየው የልደት ወረቀቱ ነው።

የጤናና የጥርስ ምርመራ ቅጾችም አሉ። የሎተሪው ውጤት እንደወጣ ከሐኪም ቀጠሮ ያዙ፤ ክረምት ላይ ሐኪሞቹ ይጨናነቃሉ።

ልጁ መናገር የዘገየ ከመሰላችሁ "ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው" ብላችሁ አትተዉት። ኧርሊ ስቴጅስ የሚባለው ማዕከል ከ2 ዓመት ከ8 ወር እስከ 5 ዓመት ከ10 ወር ያሉ ልጆችን በነፃ ይመረምራል። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በፈረንጅ 2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ መብታችሁ አድርጎታል።

የደረሳችሁን ቦታ በተባለው ቀን ካልተመዘገባችሁ ታጡታላችሁ። መመዝገብ ከፍ ብለው ከጻፋችኋቸው ትምህርት ቤቶች ተጠባባቂነት አያስወጣም፤ ስለዚህ ተመዝግባችሁ ጠብቁ። ዝርዝሩ ትምህርት ከተከፈተም በኋላ ይንቀሳቀሳል። ሲደውሉ የሚሰጡት የመልስ ጊዜ አጭር ነው፤ በክረምቱ የማታውቁትን ቁጥር አንሡ፣ ቮይስሜይላችሁም እንዳይሞላ አጽዱት።