የፊት ወንበር ክርክር፦ በሐዋሳ የቤተሰብ መኪና ማስታወቂያ እንዴት እንደሠራሁ

የመኪና ማስታወቂያ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የምናየው አንድ ዓይነት ነው። መኪናው ባዶ አስፋልት ላይ ይከንፋል፣ ሙዚቃው ይጮኻል፣ ተራኪው «ምቾት፣ ጥንካሬ፣ ውበት» እያለ ይደረድራል። ውስጡ ሰው የለም። የእኛ አገር የቤተሰብ መኪና ግን ከሰው ተለይቶ አይታይም፤ አያት፣ አክስት፣ የጎረቤት ልጅ፣ ለበዓል የተገዛ በግ ሳይቀር ይጫንበታል። አንድ አስመጪ ባለ ሰባት ወንበር የኤሌክትሪክ መኪናውን በቴሌቪዥን የሚያስተዋውቁ ሁለት አጫጭር ሥራዎች ሲያዘኝ፣ ቀልዱን የፈለግሁት እዚያው ግፊያ ውስጥ ነበር።

ከመጻፌ በፊት የቆዩ የውጭ ማስታወቂያዎችን ተመለከትሁ። ልቤን የወሰደው ቮልስዋገን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 በአሜሪካ ያሠራው ነው። አንዲት ቮልስ በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ትጓዛለች፤ ተራኪው የበረዶ መጥረጊያ መኪና የሚነዳው ሰው መጥረጊያው ወዳለበት በምን እንደሚደርስ ይጠይቃል። መልሱ ቮልሷ ናት። ይህን ቀልድ ለጓደኛው የሚያወራ ሰው መኪናዋን ሳይጠራ ሊጨርሰው አይችልም። በየቡና ቤቱ ሰው የሚስቅባቸው፣ ግን የምን ማስታወቂያ እንደነበሩ የማያስታውሳቸው ሥራዎች የሚጎድላቸው ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከሞተሩ ዝምታ መጣ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ከኤሌክትሪክ መኪና ጋር እየተዋወቀ ነው። ጆሯችን ግን አሁንም የሞተር ድምፅ ይጠብቃል። ስለዚህ አንድ አያት ኋላ ተቀምጠው «ልጄ፣ አስነሳው እንጂ!» ይላሉ። «ተነስቷል፣ አባባ።» «የታለ ድምፁ?» በዚህ መሀል በመስኮቱ በኩል የሐይቅ ዳሩ ዛፎች ወደ ኋላ መሄድ ጀምረዋል። አያት ዛፎቹን ያያሉ፤ ምንም አይናገሩም። እዚያ ላይ አበቃሁት።

ሁለተኛው የፊት ወንበር ክርክር ነው፤ ይበልጥ የምወደውም እሱን ነው። ታቦር ተራራ ሥር ካለ ግቢ በር ላይ ቤተሰቡ ለሠርግ ሊሄድ ቆሟል። አማች አማቱን «እርስዎ ከፊት ይቀመጡ» ይላል። «ኧረ በጭራሽ! አክስትህ እያሉ?» አክስትም በማርያም ብለው ይምላሉ። ግብዣው እየጋለ ሲሄድ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ይዞራሉ። አዛውንቷ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የደኅንነት ቀበቶ አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። «አትሄዱም እንዴ?» ከዚያ ስድስቱ ተራ በተራ ይገባሉ፤ ማንም ማንንም ሳያቅፍ፣ ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ሳይኖር። ወንበሮቹን አንድም ቃል ሳልናገር አሳየኋቸው።

አስመጪው ስለ ባትሪው፣ ስለ ዋስትናውና ስለ ዋጋው እንዲነገር ፈልጎ ነበር። ማስታወቂያው ግን 30 ሴኮንድ ነው፤ በሴኮንድ 25 ምስል ሲታሰብ 750 ምስል ብቻ። የቀበቶዋ ድምፅ እንድታስቅ ደግሞ ከእሷ በፊት ጫጫታ፣ ከእሷ በኋላ ትንሽ ጸጥታ ያስፈልጋታል። ያችን ጸጥታ በዋጋ ዝርዝር ብሞላት ቀልዱ ይሞታል። ተከራክረን ስልክ ቁጥሩ በመጨረሻው ምስል ላይ በጽሑፍ ብቻ እንዲወጣ ተስማማን።

በቀረጻው ያስቸገረን የመኪናው ቀለም ነበር። አዲስ ቀለም መስታወት ነው፤ ካሜራውን፣ ባለሙያውን፣ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚያዩትን ልጆች ሁሉ በሩ ላይ ያሳያል። ጥቁር ጨርቅ ከካሜራው ኋላ ዘርግተን ሸፈንነው። የሐይቅ ዳሩን ክፍል በማለዳ ቀረጽን፤ ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ከኋላችን ሆና ውኃውን ታበራዋለች፣ ወደ ማታ ግን ሌንሱ ውስጥ ትገባለች። ማለዳ ባጃጁም ገና አልበዛም። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ በመኪናው ፊት ተንጎራዶ አለፈ፤ ቆንጆ ምስል ነበር፣ ግን ቀልዱን ስለሚሻማ ቆረጥሁት።

የሰው አነጋገር እየቀዱ ማሳቅን ገና ከጅምሩ አልተቀበልሁም። ሐዋሳ ሲዳማው፣ ወላይታው፣ ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በዘዬው የተሳቀበት ሰው በዚያ መኪና ቤተሰቡን አይጭንም። የሌላ ሰው መኪናም አላጣጣልሁም፤ የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 የሌላውን ምርት ማጣጣልን ይከለክላል፣ ባይከለክልም አላደርገውም ነበር። በሁለቱም ሥራ አሸናፊዎቹ አዛውንቶቹ ናቸው። እማማ የተሳቀባቸው አይደሉም፤ ከሁሉም ቀድመው የገባቸው እሳቸው ናቸው።

አሁን ጽሑፍ ስጨርስ ታሪኩን ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው አነብለታለሁ። በማግሥቱ መልሶ እንዲያወራልኝ እጠይቀዋለሁ። ስቆ አውርቶ መኪናው ካልተነሳ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ።